በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ በሥራ ቦታችን የደገፈን ምን ነበር? (ደሴ እና ኮምቦልቻ)

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ሰኞ ማታ 2፡20

ሰላም ለሁላችሁም። በኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የላይን ሱፐርቫይዘር ሆኜ ስሠራ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። ሰሞኑን ድርጅታችን የድንገተኛ ጊዜ ዕቅዱን እንዲያድስ ስለተወሰነ፣ ሠራተኛውን የሚመለከተውን ክፍል እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። የተሰጠኝ የቀድሞው ሰነድ ሳሙና የት የት እንደሚቀመጥ፣ የሙቀት መለኪያ ስንት እንደሚገዛ፣ በር ላይ ማን እንደሚቆም በዝርዝር ይናገራል፤ ስለ ሰዉ ግን ያለው «ሠራተኞች እንዲረጋጉ ይደረጋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ማን እንደሚያረጋጋቸውና በምን እንደሚያረጋጋቸው አልተጻፈም። ያንን መስመር ሳነብ የ2012 ሚያዝያ ትዝ አለኝ፤ ይህን ርዕስ የከፈትኩትም ለዚሁ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ የጠራው መጋቢት 2 ቀን 2012 ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ተገኘ፤ ወሩ በወጣበት ቀን፣ መጋቢት 30፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኛ ጋ ግን ከበሽታው ቀድሞ የደረሰው የትዕዛዝ መሰረዝ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆች ሲዘጉ ገዢዎች ትዕዛዛቸውን ሰረዙ ወይም አራዘሙ፤ እጅጌው ያልገባለት ሸሚዝ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ ቀረ። አብዛኞቹ ልጆች ከየወረዳው መጥተው አንዲት ክፍል ለአራት ለአምስት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው፤ በየሰዓቱ «ልንበተን ነው ወይ?» ይሉኛል። የምለው ሲጠፋኝ «አይዟችሁ፣ ምንም አይመጣም» አልኳቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግማሾቹ እረፍት እንዲወጡ ተነገራቸው። ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ ማሽን) ላይ የምትሠራ አንዲት ልጅ መቀሷንና ሽርጧን ስታስረክበኝ ድምፅዋን ሳታሰማ ቆየችና «ጋሼ፣ ምንም አይመጣም ብለውን ነበር እኮ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለቀሩት ሌላ መንገድ ያዝኩ። በየሰኞው ጠዋት ማሽን ከመነሳቱ በፊት፣ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀን ቆመን፣ ከአመራሩ የሰማሁትን እንደወረደ እነግራቸዋለሁ፤ ያልሰማሁትን «ይህን አላውቅም» እላለሁ፤ ቀጥሎ የምነግራቸውን ቀን ቆርጬ እለያያለሁ። አዲስ ነገር በሌለበት ሳምንት እንኳ «አዲስ ነገር የለም» ለማለት ቆሜያለሁ። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው፤ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ የነበረው ሹክሹክታ ግን ረገበ።

ከእናንተም የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ሠርቶ ያያችሁትን፣ ሳይሠራላችሁ የቀረውንም ጭምር ንገሩኝ።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፣ ሰኞ ማታ 3፡45

ጥሩ ርዕስ ነው የከፈቱት፣ ወንድሜ። እኔ ነርስ ነኝ፤ በዚያ ጊዜ በአንድ የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ውስጥ ሠርቻለሁ። እኛን ያቆመን የጥንድ አሠራር ነበር፤ ሲጀመር ግን ሰውን ለማጽናናት ታስቦ አልነበረም። የሕክምና ባለሙያ በቀላሉ የሚበከለው መከላከያ ልብሱን ሲያወልቅ ነው። ጓንቱ፣ ጋውኑ፣ መነጽሩ፣ ማስኩ በተራ መውለቅ አለባቸው፤ በየመሀሉም እጅ ይጸዳል፤ ሰዓታት ሙሉ በላብ ተዘፍቆ የቆየ ሰው ደግሞ ተራውን ይስታል። ስለዚህ አንዱ ሲያወልቅ ሌላው ራቅ ብሎ ቆሞ ጮክ እያለ ያነብለታል፦ «ጓንት። እጅ። ጋውን። እጅ።»

የእኔ ጥንድ ከእኔ በአሥር ዓመት የምታንስ ልጅ ነበረች። ሁለት ታማሚ ባጣንበት ሌሊት «ጋውን» ስትለኝ እጄ ማሰሪያው ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ደግማ አልጮኸችም፤ «እትዬ፣ እዚሁ ነኝ፤ ቀስ ይበሉ» አለችኝና ዝም ብላ ጠበቀች። ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። በኋላም ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ከአጋሮቹ ጋር በፈረንጆቹ 2011 ባወጣው የመጀመሪያ ሥነ ልቦናዊ እርዳታ መመሪያ ላይ የረጂው ሥራ ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት እንደሆነ፣ ሰውም የደረሰበትን እንዲናገር መገደድ እንደሌለበት ተጽፏል። እሷ መመሪያውን አላነበበችም፤ አስተዳደጓ ነው።

ያልሠራውን ደግሞ ልንገርዎ። ባልደረባ ሲደክም «አንተ እረፍ፣ እኔ እተካሃለሁ» የምል ነበርኩ፤ ሁሉም ያመሰግነኛል፣ እኔም ምስጋናውን ወድጄዋለሁ። በሦስተኛው ወር መድኃኒት ስቀዳ መጠኑን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያቺው ጥንዴ ደርሳ ያዘችኝ። ከዚያ በኋላ አለቃችን አንድ ሰው በሳምንት ከአንድ ትርፍ ፈረቃ በላይ ሌላውን እንዳይተካ ከለከለች። ፈቃደኛ ነኝ ብል «ፈቃደኛ መሆንሽን አልጠየቅኩሽም» አለችኝ። ተቆጥቼ ነበር፤ ዛሬ ግን ደግ ሰውን ከደግነቱ የሚጠብቅ ደንብ በእርስዎ ዕቅድ ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል።

በነገራችን ላይ፣ በቴሌቪዥን ጀግኖች እየተባልን በሰፈሬ ቧንቧ ላይ ግን ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ገሸሽ ይሉልኝ ነበር። ወረፋ ሳልጠብቅ መቅዳቴ የሥራው ብቸኛ ጥቅማ ጥቅም ሆኖ ቀረ።

የባቲ መንገድ (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ጠዋት 1፡10

እኅቴ ጦሳ ሥር፣ የቧንቧው ነገር በእኛም ደርሷል። እኔ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፤ ከጅቡቲ ተነስቼ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ አድርጌ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አራግፋለሁ። በዚያ ዓመት የሹፌር ስም «በሽታ አመላላሽ» ሆኖ ነበር። ለሆስፒታሉ የሚሆነው ጓንትና መድኃኒት፣ ለገበያው የሚሆነው ስንዴና ዘይት የሚመጣው በእኛው መኪና መሆኑን ማንም አያነሳም፤ መኪናችን ቆሞ ስንወርድ ግን የምግብ ቤቱ በር ይዘጋል። ከረዳቴ ጋር ብስኩት በውሃ እያወራረድን ያደርንባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

በዚያው መስመር ላይ አንዲት ሻይ የምትሸጥ እናት ነበረች። ስሟን ለማወቅ ሳንጠይቃት ዓመት ሙሉ አብልታናለች። ከዳሷ ፊት ለፊት ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሰሃኑን በፌስታል ሸፍና ታስቀምጥና ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ እኛ ደግሞ በልተን ስንጨርስ ብሩን በሳሙና ውሃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ከተን እንሄዳለን። በተመለስን ቁጥር የአሥርና የሃምሳ ብር ኖቶች እንደ ሕፃን ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥተው፣ በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው በነፋስ ሲወዛወዙ እናይ ነበር። ሳቅንባት፤ እሷም ሳቀች። መንገዱ ላይ ያን ያህል የሳቅንበት ሌላ ነገር ትዝ አይለኝም።

ለዕቅድዎ የሚሆነው ግን ይህ ይመስለኛል። ምርመራ ተሰጥቶ ውጤት እስኪመጣ ቀናት ይፈጅ ነበር፤ ሹፌሩ ከመንገድ ሲቀር ቤቱ አበሉን እየጠበቀ ይራባል። አብረን የምንጓዝ አምስት ሹፌሮች አንዲት ደብተር አዘጋጀን። በደብተሯ ውስጥ የእያንዳንዳችን ሚስት ወይም እናት ስልክ፣ የቤቱ የሳምንት ወጪ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለም የመድኃኒቱ ስም ተጻፈ። አንዱ ሲቀር ቀድሞ ኮምቦልቻ የገባው ያንኑ ቀን ደውሎ ገንዘቡን ያደርሳል፤ ሒሳቡን በኋላ እንተሳሰባለን። ደብተሯ በጤናው ቀን ስለተጻፈች፣ በመከራው ቀን ማንም ማንንም «ምን ልርዳህ?» ብሎ መጠየቅ አላስፈለገውም። የተቸገረ ሰው ለዚያ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ነዋ! በ2014 ጦርነቱ ወደኛ ሲመጣና ሰው ሁሉ ሲበታተን ያችው ደብተር ናት ቤተሰቦቻችንን መልሳ ያገናኘችው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ቀን 7፡05

የደብተሯን ነገር ለምሳ ሰዓት ለሥራ ባልደረቦቼ አነበብኩላቸው። የሰው ኃይል ክፍላችን የሠራተኛውን የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ስልክ ይዟል፤ ብዙዎቹ ስልኮች ግን ሠራተኛው በተቀጠረበት ቀን የተሞሉ ናቸውና ዛሬ ቢደወል የሚያነሳ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ቁጥር ጠባቂ (ደሴ)፣ ማክሰኞ ማታ 1፡30

እኔ ሳይሠራ ከቀረው ልጀምር። በ2012 በአንድ የግል ትምህርት ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። መጋቢት ላይ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ወላጆች ክፍያ አቆሙ፤ የመምህራን ደመወዝ ተቆራርጦ ሲከፈል ጥበቃዎችና ጽዳቶች ከሁሉ የባሰ ተጎዱ። ደመወዛችን ያልተቋረጠብን ጥቂት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተን ዱቄትና ዘይት ገዛን። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ ግን የተቀባዮቹን ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍን፤ በግቢው አሰልፈን፣ ፎቶ እያነሳን አከፋፈልን። ዝርዝሩን የተየብኩት እኔ ነኝ።

ለብዙ ዓመት ቢሯችንን ስታጸዳ የኖረች እናት ሳትመጣ ቀረች። ድርሻዋን ቤቷ ድረስ ስወስድላት በሩን ከፍታ በአክብሮት ተቀበለችኝ፣ ቡና አፈላችልኝ፣ ዘይቱን ግን አልነካችውም። «ልጄ ስሜን ሰሌዳው ላይ አንብቦ መጣ» ነው ያለችኝ። ሦስቱንም፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቼ ዘይቱን ይዤ ተመለስኩ። የሐረጎን ዳገት ከነጀሪካኑ በእግሬ የወጣሁት ያህል ከብዶኝ ነበር።

በኋላ መላው የተገኘው ከእቁባችን ነው። እቁቡ እንዳይቋረጥ ተስማማን፤ እጣ የወጣለት ሰው ከፈለገ ተራውን ለሌላ እንዲለውጥ ደንቡ ድሮም ይፈቅዳል። እኔና የእቁቡ ጸሐፊ የቸገራቸውን ስለምናውቅ፣ እጣ የደረሳቸውን ለየብቻ እየጠራን «ተራህን ብትለውጥልን?» እንላለን፤ ለማን እንደሆነ አንናገርም። እምቢ ያለን አንድም ሰው የለም። ተቀባዩ የገዛ ገንዘቡን ቀደም ብሎ ወሰደ እንጂ አልተመጸወተም፤ መክፈሉንም በተራው ይቀጥላል። ያቺ እናት በዚሁ መንገድ ሁለተኛዋ ተቀባይ ሆነች፤ እስከ ዛሬ ማን እንደለወጠላት አታውቅም።

የሥራ ጉዳይ (ኮምቦልቻ)፣ ማክሰኞ ማታ 4፡15

የተጻፈው ሁሉ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አያርፍም። በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አገልግያለሁ። ሠራተኛው ከኪሱ አዋጥቶ ሠራተኛውን የሚረዳበት ሥርዓት ሲያምር፣ አሠሪው ሊከፍል የሚገባው ነገር ቀስ በቀስ ይረሳል። መደጋገፉ ይኑር፤ ግን ሕጉ የሚለውን ካወቅን በኋላ ይሁን።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 2 ወራት 50 በመቶ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የቅርብ ዘመድ ለሞተበት 3 የሥራ ቀናት ከነደመወዙ ይፈቅዳል። ድርጅት ሥራ ሲቆምበት ውሉን ማገድ ቢችልም፣ ለሚመለከተው አካል በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ እግዱም ከ90 ቀናት አይበልጥም። በ2012ቱ የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ደግሞ ሠራተኛን እንዲሁ ማሰናበት ተከልክሎ ነበር። ጋሼ ቦርከና፣ መቀሷን ያስረከበችው ልጅ ይህን ሁሉ ማን ነገራት? በየሰኞው አሥር ደቂቃ ውስጥ ይህም ይነገር ነበር ወይ?

ሌላም አለ። በብዙ ስፌት ቤቶች ወሩን ሙሉ ሳይቀር ለገባ ሠራተኛ የመገኘት ቦነስ ይሰጣል። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ በሌለበት ያቺ ቦነስ የቤት ኪራይ ናት። ስለዚህ ትኩሳት ያላት ልጅ ጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ፊቷን ታጥባ፣ የሙቀት መለኪያውን አልፋ ማሽኗ ላይ ትቀመጣለች። ሳሙናውን በየሦስት ሜትሩ ብናስቀምጥ ምን ሊፈይድ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ረቡዕ ጠዋት 12፡40

ጥያቄው ልክ ነው፤ መልሱም «አልተነገረም» ነው። እኔም ራሴ አላውቀውም ነበር። የ90 ቀኑን ነገር የሰማሁት እረፍት የወጡት ተመልሰው ሲገቡ ነው፤ እሷ ግን አልተመለሰችም።

የቀዝቃዛውን ውሃ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ሰኔ ላይ አንዲት ኦፕሬተር በሩ አጠገብ ባለው የእጅ መታጠቢያ ግንባሯን ደጋግማ ስታርስ አየኋት። ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩ። ኮምቦልቻ ሰኔ ላይ ይሞቃል፣ እውነት ነው፤ ሰዓቱ ግን ከጠዋቱ አንድ ተኩል ነበር። ባስቆማት ቦነሷን እንደማስቆርጥባት አውቅ ስለነበር ይመስለኛል ሙቀቱን ያመንኩት።

አባ ሐረጎ (ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መውጫ)፣ ረቡዕ ቀን 9፡00

ልጆቼ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። እኔ የሠፈሬ ቅሬ (እድር) ዳኛ ነኝ፤ ከጡረታ በፊት ደግሞ በፋብሪካ ጥበቃነት ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ቤት አውቃለሁ።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን ዋለ፤ ረመዳን ደግሞ ሚያዝያ 16 ገባ። ክርስቲያኑም እስላሙም እንደልማዱ ተሰብስቦ ሳያከብር ቀረ። ከሁሉ የከበደን ግን ለቅሶ ነው። የወሎ ሰው ድንኳን ሳይተከል፣ ጎረቤት ሳይከብበው ሐዘን እንዴት ይወጣለት? በቅሬያችን ሰዉን በሰዓት ከፋፈልነው፤ ሁለት ሁለት ሰው እየሆነ ይገባል፣ ደጅ ላይ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ሌላው ሲመጣ ይነሳል። ሞሰቡ ከየቤቱ በተራ ይሄዳል። ለቀስተኛው ጥቂት በጥቂት ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ሐዘንተኛው ብቻውን የሆነበት ሰዓት አልነበረም። ድሮ አንድ ቀን ግር ብለን መጥተን፣ በሦስተኛው ቀን ጥለነው እንሄድ ነበር፤ ይህኛው ሳይሻል አይቀርም አልኩ በልቤ።

በፋብሪካ ግን ያየሁት እንዲህ ነው፦ ሐዘንተኛው ሦስት ቀኑን ጨርሶ ሲመለስ ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። በክፋት አይደለም፤ የሚለው ቢጠፋው ነው። አንድ ጊዜ እናቱ የሞተችበት ወጣት ለምሳ ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ አየሁትና አጠገቡ ሄጄ ቆሎዬን ዘረጋሁ። ስለ እናቱ አላነሳሁበትም። ስለ በሬ ነበር ያወራነው፤ እሱም የገጠር ልጅ ነው። በሳምንቱ ራሱ መጥቶ ስለ እናቱ ነገረኝ። ለዕቅድህ፣ ልጄ፣ ሰው ከሐዘን ሲመለስ ለመጀመሪያው ሳምንት ምሳ አብሮት የሚበላ ሰው ቀድሞ ይመደብለት።

የሥራ ጉዳይ (ኮምቦልቻ)፣ ረቡዕ ማታ 1፡00

አባቴ፣ እድሜ ይስጥልን። ሕጉ ሦስቱን ቀን ይሰጣል እንጂ አራተኛውን ቀን አያውቀውም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ሐሙስ ማታ 2፡50

ረቂቁን ዛሬ ጨርሻለሁ። «እንዲረጋጉ ይደረጋል» የሚለውን መስመር አውጥቼ፣ የሰኞውን አሥር ደቂቃ ከነሕጉ አስገብቻለሁ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚሰጣቸው መብቶች በመጀመሪያው ሰኞ ይነበባሉ። የተጠሪ ስልክ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ የቤት ወጪና መድኃኒት ለመጻፍ ግን ሠራተኛው ራሱ ለመረጠው ባልደረባ እንጂ ለሰው ኃይል ክፍሉ እንዳይሆን አድርጌዋለሁ፤ የዘይቱ ታሪክ አስፈርቶኝ ነው። አንድ ሰው በሳምንት ከአንድ ትርፍ ፈረቃ በላይ አይተካም። ከሐዘን ለሚመለስ ሰው የምሳ ባልደረባ ይመደባል።

የመገኘት ቦነሱን በተመለከተ፣ በሐኪም ወረቀት የቀረ ሠራተኛ እንዳይቆረጥበት ጽፌያለሁ። ፋይናንስ ክፍሉ ይህን አንቀጽ እንደሚጥለው ከወዲሁ ይታወቀኛል። ስለዚህ ቀዝቃዛውን ውሃ እንዳለ ጽፌዋለሁ፤ ቢጥሉትም አንብበው ይጣሉት።

ጦሳ ሥር (ደሴ)፣ ሐሙስ ማታ 3፡15

ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ጎድሎታል። ሠራተኛው ሁሉ ጥንድ ሲኖረው ሱፐርቫይዘሩ ከማን ጋር እንደሚጣመር አልጻፉም። በዚያ ሚያዝያ፣ ልጅቷ መቀሷን ባስረከበችዎ ቀን፣ ማታ ለማን ነገሩት?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፣ ሐሙስ ማታ 3፡40

ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። የማታ ፈረቃው ሱፐርቫይዘር ነገ ጠዋት ሲያስረክበኝ አናግረዋለሁ።